ኑክሊዮታይድና ካንሰር፦ በሰሜን ሸዋ ታማሚዎችና አስታማሚዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ነው፤ የምኖረውና ባዮኬሚስትሪ የማስተምረው ደግሞ ደብረ ብርሃን። ሐኪም አይደለሁም። ይሁን እንጂ ሙያዬን የሚያውቁ ጎረቤቶች፣ ዘመዶችና የተማሪዎቼ ወላጆች የመድኃኒት ወረቀታቸውን ይዘው እየመጡ «ይህ ነገር ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ምንድን ነው?» ይሉኛል። ከመሐል ሜዳ፣ ከእነዋሪ፣ ከአጣዬ ተነሥተው አዲስ አበባ ድረስ የሚመላለሱ አሉባቸው። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሐኪሙ ለማስረዳት የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው። ምክንያቱን የተረዳ ታማሚ ሕክምናውን በቀላሉ እንደማያቋርጥ ደጋግሜ ስላየሁ፣ የሚጠይቁኝን ከነመልሱ እዚህ አስፍሬዋለሁ። መድኃኒት መጨመር፣ መቀነስም ሆነ ማቆም የሐኪምዎ ሥልጣን ነው፤ የእኔ ድርሻ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማሳየት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኑክሊዮታይድ ምንድን ነው?

መንዝ ውስጥ ባና ሲሠራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በጉ ይሸለታል፣ ሱፉ ይባዘታል፣ በእንዝርት ይፈተላል፤ ሸማኔው ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ሸማኔው የቱንም ያህል እጁ ፈጣን ቢሆን ፈትል ካለቀበት ቁጭ ይላል። በሴሎቻችን ውስጥ የዘር መረጃችንን የያዘው ዲኤንኤ ባናው ከሆነ፣ ኑክሊዮታይድ ፈትሉ ነው።

እያንዳንዱ ኑክሊዮታይድ ከሦስት ነገሮች ይሠራል፦ ከስኳር፣ ከፎስፌትና ቤዝ ከሚባል ክፍል። የዲኤንኤ ቤዞች አራት ናቸው። አዴኒንና ጉዋኒን ፑሪን ይባላሉ፤ ሳይቶሲንና ታይሚን ደግሞ ፒሪሚዲን። የዲኤንኤ ዘመድ በሆነው በአርኤንኤ ውስጥ በታይሚን ቦታ ዩራሲል ይገባል። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያስታውሷት፤ ወደ ታች አንድ ትልቅ መድኃኒት የተገኘው በእርሷ ምክንያት ነው።

ማንኛውም ሴል ኑክሊዮታይድ ያስፈልገው የለም? ካንሰርን ምን ለየው?

ያስፈልገዋል፤ ልዩነቱ በመጠኑ ነው። አንድ የሰው ሴል ወደ 6 ቢሊዮን ጥንድ ቤዞች ይዟል። ለሁለት ለመከፈል ሁሉንም መቅዳት ስላለበት ወደ 12 ቢሊዮን የሚጠጉ አዳዲስ ኑክሊዮታይዶች ማዘጋጀት ይኖርበታል፤ ለአርኤንኤ የሚውለው ደግሞ ከዚህ ውጭ ነው። ነርቭና ጡንቻችንን የመሰሉ ሴሎች ብዙውን ጊዜ አይከፈሉም። ለእነርሱ የተቀደደውን መጣፍ ይበቃቸዋል። የካንሰር ሴል ግን ቁም ቢሉት የማይቆም ሸማኔ ነው፤ ፈትሉን ሌትና ቀን ይፈልጋል።

ፈትሉ የሚገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከአዲስ ሱፍ መፍተል ነው፤ ሴሉ ግሉታሚን፣ ግላይሲንና አስፓርቴት ከሚባሉ አሚኖ አሲዶች፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ፎሌት ከሚያመላልሰው ካርቦንና ከግሉኮስ ከተገኘ ስኳር እያንዳንዱን ኑክሊዮታይድ ከባዶ ይሠራል። ለፑሪን ብቻ አሥር ተከታታይ እርምጃዎች አሉ፤ ብዙ ጉልበትም ይጨርሳሉ። ሁለተኛው ያረጀውን ተርትሮ ክሩን መልሶ መጠቀም ነው፤ ከሞቱ ሴሎችና ከፈረሰ አርኤንኤ የወጡት ቤዞች ተለቅመው እንደገና ይሠራባቸዋል። ያረፉ ሴሎች ባመዛኙ በሁለተኛው ይኖራሉ። ካንሰር ሁለቱንም ይጠቀማል፤ በተለይ የመጀመሪያውን ያጋግለዋል። ማይክ እና ኬራስ የሚባሉት ጂኖች በካንሰር ውስጥ ሲበላሹ ወይም ከልክ በላይ ሲሠሩ፣ ኑክሊዮታይድ የሚሠሩትን ኢንዛይሞች (በሴል ውስጥ ሥራውን የሚያከናውኑ ፕሮቲኖች) ጭምር ያበዛሉ። ስለዚህ ካንሰሩ ብዙ መብላቱ ብቻ አይደለም፤ የሴሉን ወርክሾፕ ለራሱ ፍላጎት እንደገና አደራጅቶታል።

አቅርቦቱ ሲዛባም ሌላ ጉዳት አለ። አራቱ ኑክሊዮታይዶች ሚዛናቸው ሲጠፋ ቅጂው ስሕተት ይበዛበታል፤ ስሕተት የበዛበት ቅጂ ደግሞ ካንሰሩን ይበልጥ ተለዋዋጭ ያደርገዋል።

ስኳር ብተው ወይም ብጾም ካንሰሩ ይራባል?

ይህን የሚጠይቁኝ በተለይ በዐቢይ ጾም ሰሞን ነው፤ በቅን ልብ ስለሚጠይቁኝ በጥንቃቄ እመልሳለሁ። አይራብም። ምግብ ቢያቆሙ ጉበትዎ ከራስዎ አካል ግሉኮስ እየሠራ ወደ ደም ይለቃል። ከዚህ የከፋው ግሉታሚን ነው፤ የግሉታሚን ትልቁ ጎተራ ጡንቻችን ነው። ሰው ሲራብ ጡንቻው ይሟሟና ግሉታሚኑ ወደ ደም ይወጣል። ካንሰሩ ከዚያው ይቀልባል፤ የከሱት እርስዎ ይሆናሉ። በኬሞ (ካንሰርን በሚገድል መድኃኒት ሕክምና) ላይ ያለ ሰው ክብደቱ ሲወርድ ደግሞ መድኃኒቱን የመቋቋም አቅሙም አብሮ ይወርዳል።

ጾምን በእምነት የሚጾም ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። እኔ የማውቃቸው ካህናት በሽተኛን አያስጨንቁም። ወተትና እንቁላል የሚተው ከሆነ ሽሮውን፣ ምስሩን፣ የባቄላውን ፉል ያብዛ፤ ገንቢ ምግብ ከጾም ገበታም አይጠፋም። ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ መቀነስ ለማንም ይጠቅማል፤ ያ ግን ካንሰር ማከሚያ አይደለም።

ፎሌት ካንሰርን ይመግባል ሲሉ ሰማሁ። ጎመን ልተው?

አይተዉ። ነገር ግን ጥያቄው የካንሰር መድኃኒት የተወለደበትን ታሪክ ስለሚነካ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ።

ፎሌት በጎመን፣ በቆስጣ፣ በምስር፣ በባቄላና በጉበት ውስጥ የሚገኝ ቫይታሚን ነው። መኖሩ የታወቀው በደም ማነስ ነው። ሉሲ ዊልስ የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም ቦምቤይ ውስጥ ደም ያነሳቸውን ነፍሰ ጡሮች ስታክም ቆይታ፣ ከእርሾ የተሠራ ምግብ እንደሚያድናቸው በ1931 አሳወቀች። በ1941 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የቆስጣ ዘመድ ከሆነው ከስፒናች ቅጠል፣ ከ4 ቶን ያህል፣ ንጥረ ነገሩን ለይተው አወጡት። ስሙን የሰጡት በላቲን «ቅጠል» ከሚለው ቃል ነው።

ደም የሚያመርተውን መቅኔ ያነቃቃ ነገር ለደም ካንሰርም ይጠቅም ይሆን? ቦስተን የነበረው ሲድኒ ፋርበር ሉኪሚያ ለያዛቸው ሕፃናት ፎሌት መሰል ንጥረ ነገሮችን ሰጠ። የታየው የተገላቢጦሽ ነበር፤ በሽታው የባሰበት መሰለ። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ይተወው ነበር። ፋርበር ግን ፎሌት እሳቱን የሚያራግብ ከሆነ ፎሌትን የሚዘጋ ነገር እሳቱን ያዳፍናል ብሎ አሰበ። ሕንዳዊው የላፕራጋዳ ሱባራው የሚመራው ቡድን አሚኖፕቴሪን የሚባል ሐሰተኛ ፎሌት ሠርቶ ነበር። በ1947 መጨረሻ ሕክምናው ተጀመረ፤ በ1948 በታተመው ዘገባ ከ16 ሕፃናት 10ሩ ተሽሏቸው ነበር። ማገገሙ ከጥቂት ወራት አላለፈም፤ በሽታው ተመልሷል። ሆኖም እስከዚያን ቀን ድረስ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ለሚቀጥፍ በሽታ መድኃኒት ሊኖረው እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ይህን ለተማሪዎቼ ባስተማርሁ ቁጥር ድምፄ ይለወጣል፤ ልጆቹን አስባቸዋለሁ። ዛሬ ሜቶትሬክሴት የምንለው የአሚኖፕቴሪን ወንድም ነው። በ1956 ደግሞ ከእንግዴ ልጅ የሚነሣ ካንሰር የያዛቸው ሴቶች በሜቶትሬክሴት እንደሚድኑ ሚን ቹ ሊ እና ሮይ ኸርትስ አሳዩ፤ ተሠራጭቶ የነበረ ጠጣር ካንሰር በመድኃኒት ብቻ ሲድን ያ የመጀመሪያው ነበር። እርግዝናቸው ፅንስ ሳይሆን የወይን ዘለላ የመሰለ ሆኖ የተጠረገላቸው እናቶች ክትትላቸውን እንዳያቋርጡ የምለምነው ለዚህ ነው፤ ቢከፋ እንኳ የሚድን ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፎሌት አንዲት ካርቦን ተሸክማ እንደምትሄድ አህያ ነው። ፑሪን ሲሠራ ሁለት ጊዜ፣ ታይሚን ሲሠራ አንድ ጊዜ ጭነቷን ታራግፋለች። ታይሚን ዘንድ ስታራግፍ ግን መጫኛዋም ተፈትቶ ይወድቃል፤ መጫኛውን መልሶ ካላሰረላት ሁለተኛ መጫን አትችልም። የሚያስርላት ዳይሃይድሮፎሌት ሪዳክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው። ሜቶትሬክሴት ይህን ኢንዛይም ጭምድድ አድርጎ ይይዘዋል። አህዮቹ ሁሉ ባዶ ጀርባቸውን ይቆማሉ፤ ታይሚን ይቋረጣል፤ ዲኤንኤ መቅዳት ይቆማል።

ስለዚህ በገበታ ላይ ያለ ጎመን የመድኃኒቱን መንገድ አይከፍትም፤ ጤነኛው መቅኔዎና አንጀትዎ ግን ያስፈልጋቸዋል። እንዲያውም ጎመኑን ቀቅለው ውሃውን አይድፉት፤ ፎሌት ከውሃው ጋር ይሄዳል። ጥንቃቄ የሚያሻው በክኒን መልክ የሚሸጠው ፎሊክ አሲድ ነው። ለአንዳንዱ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ለፔሜትሬክሴድ፣ ፎሊክ አሲድ አብሮ መወሰድ ግዴታ ነው። ሜቶትሬክሴት በብዙ መጠን በደም ሥር ሲሰጥ ደግሞ ሉኮቮሪን የሚባል የተዘጋጀ ፎሌት ሰዓቱ ተቆጥሮ ይሰጣል፤ ቢቀድም መድኃኒቱን ያከሽፋል፣ ቢዘገይ ሰውየውን ይጎዳል። በራስዎ ፈቃድ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው አይጨምሩ።

በዚህ መንገድ የሚሠሩ መድኃኒቶች የትኞቹ ናቸው?

ብዙ ናቸው፤ ወረቀትዎ ላይ ሊያገኟቸው የሚችሉትን ልጥቀስ።

ፍሎሮዩራሲል እና በክኒን የሚወሰደው ካፔሲታቢን ለአንጀት፣ ለጨጓራና ለጡት ካንሰር ይሰጣሉ። በ1954 የአይጥ ጉበት ዕጢ ከጤነኛው ጉበት ይልቅ ዩራሲልን አብዝቶ እንደሚወስድ ታየ። ቻርልስ ሃይደልበርገር ይህን አንብቦ፣ ካንሰሩ ዩራሲል የሚወድ ከሆነ ዩራሲል የመሰለ ወጥመድ እንስጠው አለ። በዩራሲል ላይ አንዲት ፍሎሪን ተክሎ በ1957 መድኃኒቱን አቀረበ። ሴሉ ውስጥ ሲገባ ታይሚን የሚሠራውን ኢንዛይም ተጣብቆ ይዞ ያስቀረዋል። ካፔሲታቢን በዋናነት ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ወደዚሁ መድኃኒት የሚለወጥ ነው።

ሜርካፕቶፑሪን ለሕፃናት ሉኪሚያ ይሰጣል። የሠሩት ገርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂቺንግስ ናቸው። ኤሊየን የ15 ዓመት ልጅ ሳለች አያቷ በጨጓራ ካንሰር ሲሠቃይ ሞተ፤ ያን ጊዜ ሕይወቷን ለዚህ ሥራ ለመስጠት ወሰነች። የዶክትሬት ትምህርቷን ሳትጨርስ ነው መድኃኒቶቹን የሠራችው። ሜርካፕቶፑሪን በ1953 ተፈቀደ፤ በ1988 ሁለቱ ከጄምስ ብላክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። መድኃኒቱ ሐሰተኛ ፑሪን ነው።

ጄምሲታቢን ለቆሽትና ለሳንባ፣ ሳይታራቢን ለደም ካንሰር፤ ሁለቱም ሐሰተኛ ሳይቶሲን ናቸው። ሃይድሮክሲዩሪያ ደግሞ የአርኤንኤን ኑክሊዮታይድ ወደ ዲኤንኤ ኑክሊዮታይድ የሚለውጠውን ኢንዛይም ይዘጋል።

ካንሰሩን ብቻ የሚመታ ከሆነ ፀጉሬ ለምን ረገፈ? አፌስ ለምን ቆሰለ?

ካንሰሩን ብቻ አይመታም። የሚመታው ቶሎ ቶሎ የሚከፈለውን ሁሉ ነው። የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚያመርተው መቅኔ ሁሉም ፈትል ይፈልጋሉ። የአፍ ቁስል፣ ተቅማጥና የነጭ የደም ሴል መቀነስ የሚመጣው ከዚሁ ነው። በየዙሩ መካከል ዕረፍት የሚሰጠውም መቅኔው እንዲያገግም ነው፤ ደም ሳይመረመር ቀጣዩ ዙር የማይጀመረው ለዚህ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የደም ምርመራ አድርጎ ውጤቱን ይዞ መሄድ የሚቻል ከሆነ ሐኪምዎን አስቀድመው ይጠይቁ፤ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ «ደምዎ አልደረሰም፣ ይመለሱ» መባል ከባድ ነው።

ስለ ውርጩም አንድ ነገር ልበል። ፀጉር ያጣ ራስ በደብረ ብርሃን ብርድ በጣም ይጎዳል። ነጠላ ብቻ አይበቃም፤ የሱፍ ቆብ ያድርጉ።

ልጄ ድኖ ይጫወታል። ክኒኑን ለምን ለዓመታት ይውሰድ?

ይህን ጥያቄ ስሰማ ልቤ ይሰጋል። የሕፃናት ሉኪሚያ ሕክምና በጠቅላላው ከ2 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባዶቹ ናቸው። ከዚያ በኋላ ልጁ ይወፍራል፣ ትምህርት ቤት ይመለሳል፤ ሜርካፕቶፑሪን በየቀኑ፣ ሜቶትሬክሴት በየሳምንቱ ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ በደም ምርመራ የማይታዩ ጥቂት የካንሰር ሴሎች ተደብቀው ሊኖሩ ይችላሉ። እያንዳንዳቸው ለመከፈል በተነሡ ቁጥር ሐሰተኛውን ፈትል እንዲያገኙ ነው ክኒኑ በየቀኑ የሚሰጠው። ለሳምንት ቢቋረጥ ለሳምንት እውነተኛ ፈትል ያገኛሉ። በሽታው ሲመለስ ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ለማከም አስቸጋሪ ነው።

ገንዘብና መንገድ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ። ክኒኑ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለሕክምና ክፍሉ ይንገሩ፤ ካለቀ በኋላ አይደለም። ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ማታ ከመኝታ በፊት ቢሰጥ አይረሳም።

ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ሕመም ታዘዘልኝ። ካንሰር አለብኝ ማለት ነው?

አይደለም። በትንሽ መጠን ሲወሰድ ያለ ልክ የሚቆጣውን የሰውነት መከላከያ ያበርዳል። እዚህ ላይ ግን ከሁሉ የሚበልጥብኝን ማስጠንቀቂያ ልናገር፦ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው።

አክስቴ ከአንድ መድኃኒት ቤት ይህን ክኒን ተቀበለች። የሰጣት ሰው እንደ ሌላው መድኃኒት ሁሉ «በቀን አንድ» ብሎ ነገራት፤ ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን አላየችውም። በስምንተኛው ቀን አፏ ውስጡ በሙሉ ተልጦ ውሃ መዋጥ አቃታት፤ ቆዳዋ ላይ ደም መቋጠር ጀመረ። እኔ ዘንድ ሲያመጧት ክኒኑን አይቼ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ወሰድናት። ሉኮቮሪን ተሰጣት፤ ሁለት ሳምንት ተኝታ ተነሣች። እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ሁለት ቀን ዘግይተን ቢሆን ኖሮ እያልሁ እባንናለሁ። እባክዎ ቀኑን ይምረጡ፤ የገበያ ቀን ቢሆን አይረሳም። የሚያነብልዎት ሰው ካርቶኑ ላይ «ሰኞ ብቻ» ብሎ በትልቁ ይጻፍ።

ባክትሪም ወይም የወባ መድኃኒት አብሮ ቢወሰድስ?

ባክትሪም ውስጥ ያለው ትራይሜቶፕሪም የሚዘጋው የባክቴሪያን መጫኛ አሳሪ ኢንዛይም ነው፤ ይኸው ሜቶትሬክሴት በእኛ ላይ የሚዘጋውን ዓይነት። በፋንሲዳር ውስጥ ያለው ፓይሪሜታሚንም በወባ ተሕዋስ ላይ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ለብቻቸው ሲሆኑ ሰውን ብዙም አይነኩም። ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲደራረቡ ግን መቅኔው ፈጽሞ ሊደርቅ ይችላል። ስለዚህ ሸዋ ሮቢትም ሆነ አጣዬ፣ ትኩሳት ይዞዎት ጤና ጣቢያ ሲገቡ የመጀመሪያው ንግግርዎ «ሜቶትሬክሴት እወስዳለሁ» ይሁን። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎችንም ሳይጠይቁ አይጨምሩ፤ መድኃኒቱ በኩላሊት እንዳይወጣ ያግዱታል።

የሪህ መድኃኒት ለካንሰር ታማሚ ለምን ይሰጣል?

ፑሪን ሲፈርስ የመጨረሻ ትርፉ ዩሪክ አሲድ ነው፤ ሪህ የሚያስይዘውም ይኸው ነው። ደም ካንሰር የያዘው ሰው የመጀመሪያውን ኬሞ ሲወስድ እጅግ ብዙ ሴል በአንድ ጊዜ ይሞታል። በውስጡ የነበረው ፑሪን ሁሉ ወደ ዩሪክ አሲድ ተለውጦ ኩላሊትን ሊደፍን ይችላል። የሪህ መድኃኒት የሆነው አሎፑሪኖል ይህን ይከላከላል፤ በብዛት ፈሳሽ የሚሰጠውም ለዚህ ነው።

አሎፑሪኖልም ከኤሊየንና ከሂቺንግስ ቤተ ሙከራ የወጣ ነው፤ መጀመሪያ የተፈለገው ሜርካፕቶፑሪን ቶሎ እንዳይፈርስ ለማድረግ ነበር። ይህ ታሪክ አደጋውንም ይናገራል፦ ሁለቱ አብረው ከተወሰዱ ሜርካፕቶፑሪን በሰውነት ውስጥ ይከማቻል፤ ሐኪሙ መጠኑን በብዙ ካልቀነሰው ይመርዛል።

ጎረቤቴ ያንኑ መድኃኒት ወስዶ ምንም አልሆነም፤ እኔን ለምን ጣለኝ?

የምንወርሰው ኢንዛይም ይለያያል። ፍሎሮዩራሲልን ከ80 በመቶ በላይ የሚያፈርሰው ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ነው። ጥቂት ሰዎች ይህ ኢንዛይም በትውልድ ያንሳቸዋል፤ ለሌላው ተገቢ የሆነው መጠን ለእነርሱ ከባድ መርዝ ይሆናል። ሜርካፕቶፑሪን ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። በመጀመሪያው ዙር ከባድ ተቅማጥ ወይም የአፍ ቁስል ከታየ «ኬሞ እንዲህ ነው» ብለው አይቻሉት፤ ከቀጣዩ ዙር በፊት ሳይሆን በዚያው ቀን ያሳውቁ።

ሠርቶ የነበረ መድኃኒት ለምን መሥራት ያቆማል?

ካንሰሩ መላ ስለሚፈልግ ነው። በ1978 ሮበርት ሺምኬና ባልደረቦቹ ሜቶትሬክሴትን የለመዱ ሴሎች የዚያን መጫኛ አሳሪ ጂን ቅጂ በብዙ እጥፍ እንዳባዙት አሳዩ። አንዱን ኢንዛይም መድኃኒቱ ሲይዝ ሌሎች መቶ ይተኩታል። ሌሎች ሴሎች መድኃኒቱን የሚያስገባውን በር ይዘጋሉ፤ ሌሎች ደግሞ አዲስ መፍተሉን ትተው ያረጀውን ወደ መተርተር ይዞራሉ። ሐኪሞች መድኃኒቶችን አቀናጅተው የሚሰጡት ሁሉም መውጫ በአንድ ጊዜ እንዲዘጋ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ተስፋ ከጣልሁባቸው ምርምሮች አንዱ ከዚሁ ጋር ይገናኛል። ከካንሰሮች ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት አዴኒንን መልሶ ለመጠቀም የሚያገለግል አንድ ጂን ጠፍቶባቸዋል። ያ ጉድለት ጤነኛው ሴል የሌለበትን ድክመት ስለሚፈጥር፣ ድክመቱን ብቻ ለይተው የሚመቱ መድኃኒቶች በሰው ላይ እየተሞከሩ ነው።

ጸበል እየጠጣሁ፣ እየተጠመቅሁ ኬሞ መውሰድ እችላለሁ?

ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ በአገራችን ናቸው፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የሄድሁባቸው ቦታዎች ናቸው። እምነትና ሕክምና እንዲጣሉ አልፈልግም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሱባኤው የኬሞውን ቀን እንዳያሳልፍብዎት። ሁለተኛው ጊዜውን መምረጥ ነው፤ ኬሞ ከተወሰደ በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ነጭ የደም ሴል ብዙውን ጊዜ ዝቅ የሚልበት ነው። በእነዚያ ቀናት በብርድ ውሃ መጠመቅ፣ ሕዝብ በተጨናነቀበት ማደርና ያልታከመ ውሃ መጠጣት ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ደምዎ ካገገመ በኋላ፣ ከሚቀጥለው ዙር በፊት ባለው ሳምንት ይሂዱ። ለሐኪምዎም ሳይደብቁ ይንገሩ።

ትንሽ አረቄስ?

አይሆንም። የአገራችን አረቄ ብርቱ ነው። ሜቶትሬክሴትም አረቄም ጉበትን ይጎዳሉ፤ አልኮል ፎሌት ከአንጀት እንዳይገባም ያደርጋል። ለቆሰለ አፍ ደግሞ እሳት ነው።

የኤችአይቪ መድኃኒትም እንደዚህ ይሠራል ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው። ዚዶቩዲን የሚባለው ሐሰተኛ ታይሚን ነው። በ1964 ጄሮም ሆርዊትዝ የሠራው ለካንሰር ነበር፤ አልሠራለትም፤ በ1987 ለኤችአይቪ የተፈቀደ የመጀመሪያው መድኃኒት ሆነ። ቴኖፎቪር ደግሞ ሐሰተኛ አዴኒን ነው። ሁለቱንም ዓይነት ሕክምና የሚወስድ ሰው ሁለቱንም ሐኪሞች ያሳውቅ።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ባለቤቴ ኬሞ በክኒን ይወስዳል። ልጠንቀቅ?

ይጠንቀቁ። ፅንስ ከማንም በላይ ፈትል የሚፈልግበት ጊዜ ነው፤ ለዚህ ነው ነፍሰ ጡሮች ፎሊክ አሲድ እንዲወስዱ የሚመከረው፣ ለዚህም ነው ሜቶትሬክሴት ለነፍሰ ጡር የተከለከለው። ክኒኑን በባዶ እጅዎ አይንኩ፣ አይስበሩ፣ አይፍጩ። የባለቤትዎን ትውከት ወይም ሽንት የነካ ልብስ ሌላ ሰው በጓንት ይጠብ። የተረፈ ክኒን ቤት ውስጥ አይቀመጥ፣ ለሌላ ታማሚም አይሰጥ፤ ወደ ሰጠው መድኃኒት ቤት ይመለስ።

ሌሊት ትኩሳት ቢመጣብኝ እስኪነጋ ልጠብቅ?

አይጠብቁ። ቴርሞሜትር ይግዙ፤ ዋጋው ትንሽ ነው። 38 ዲግሪ ካሳየ ነጭ የደም ሴል በወረደበት ሰው ላይ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል የሚችል ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ፓራሲታሞል ውጦ መተኛት ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ በሽታውን አያቆመውም። የሚያውቁት ባለመኪና ካለ ስልኩን ቀን ሳሉ ይያዙ። አዲስ አበባ ለመድረስ አይሞክሩ፤ በአቅራቢያዎ ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱና በር ላይ ሆነው «ኬሞ ላይ ነኝ፣ ትኩሳት አለኝ» ይበሉ። የመድኃኒቱ ወረቀት በኪስዎ ይሁን።